ከኋላ የሚመጣ ድምፅ

ሱቄን ከዘጋሁ ወዲህ መንገድ ላይ የሚያገኘኝ ሁሉ «አዴ አስቴር፣ ምነው ዘጋሽው?» ይለኛል፤ አዴ በኦሮምኛ ወይዘሮ ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ቆሜ ከማስረዳ አንድ ጊዜ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው። ምክንያቱ ብዙ አይደለም። ዓይኔ ቀጭን ሽቦ አይለይም፤ መበየጃ ስይዝ እጄ ይንቀጠቀጣል። ደግሞም ዛሬ ድምፅ የፈለገ ሰው ጡብ የምታክል ብሉቱዝ ስፒከር ገዝቶ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጥና አበቃ። የገመድ ዘመን አለፈ፤ እኔ ደግሞ የገመድ ሰው ነኝ። አላለቅስበትም። ሥራዬን ሠርቻለሁ፤ ከሠራሁት ውስጥም አንዱን ሳልጽፈው ብቀር ይቆጨኛል።

የተወለድኩት ደብረ ብርሃን ነው። ወደ ምዕራብ ሸዋ ያመጣኝ የመንግሥት ምደባ ሲሆን መጀመሪያ የደረሰኝ ጊንጪ ነበር፣ የትምህርት ቤት ሬዲዮ ጠጋኝ ሆኜ። ከደንዲ ገጠር ትምህርት ቤቶች ሬዲዮ በአህያ ተጭኖ ይመጣልኝ ነበር፤ ባትሪ ድንጋይ አፍስሶበት የዛገ፣ አይጥ ሆዱ ውስጥ የወለደችበት፣ አንዳንዱም መንገድ ላይ ከአህያዋ ወድቆ የተሰነጠቀ። ኦሮምኛ የተማርኩት ከባለ አህዮቹ ነው። ዛሬም ሳወራው ሰው ይስቅብኛል፤ እኔ ግን ማውራቴን አልተውኩም። ደመወዙ የሚታወቅ ስለሆነ አላነሳውም።

ከዚያ ወደ አምቦ ተዛውሬ አንድ ኮሌጅ ውስጥ የድምፅና የምስል መሣሪያዎች ክፍል ገባሁ። አለቃዬ አቶ ጌታሁን ዕቃን ከነላስቲኩ የሚወድ ሰው ነበር። አዲስ አምፕሊፋየር ሲመጣ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆልፍበትና ቁልፉን ኪሱ ይከታል። «አቶ ጌታሁን፣ ዕቃ ካልተሠራበትም ይበላሻል እኮ» ስለው «እሱ እኔ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው» ይለኝ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ዕቃ እጁ ላይ እንዳይበላሽ ይፈራ ነበር። ታዲያ ያልተነካ ዕቃ እየጠበቁ ሙያ አይገኝምና እኔ ሙያዬን ያገኘሁት ከሥራ በኋላ ኦቦ ቶሎሳ ሱቅ እየሄድኩ ነው፤ ኦቦ አቶ እንደማለት ነው።

ኦቦ ቶሎሳ መናኸሪያው አጠገብ በቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ሬዲዮና ቴፕ ሲጠግኑ የኖሩ ሽማግሌ ነበሩ። ቁመታቸው ረጅም፣ ንግግራቸው አጭር። ዕቃ ሲመጣላቸው ወዲያው አይከፍቱትም። ያበሩትና እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ያዳምጡታል። ደንበኛው «ታዲያ ምን ሆኗል?» ብሎ ሲጣደፍ «ገና እየነገረኝ ነው» ይሉታል። ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ ስቀይር ካዩኝ እጄን በእርሳስ ቸብ ያደርጉኛል። «አስቴር ኮ፣ ሁለቱን ቀይረሽ ቢድን የቱ አዳነው ልትዪ ነው?» ይሉኛል። ኮ ማለታቸው የኔ ማለታቸው ነው፤ ሲቆጡም ሲያቆላምጡም ያው ናቸው።

የስፒከር ገመድ ምልክቱ ጠፍቶ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ አልለይ ሲል አንዲት ባትሪ ድንጋይ ያመጡና ሁለቱን ጫፍ ያስነኳታል። የስፒከሩ ወረቀት ወደ ውጭ ብድግ ካለ ልክ ነው፤ ወደ ውስጥ ከሰመጠ ገመዱ ተገልብጧል። ከዚያ በልጃቸው የጥፍር ቀለም ቀይ ነጥብ ያደርጉበታል። ሚስታቸው «ልጅቷን ያለ ቀለም አስቀሯት» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ሰው ቤት ሲሄዱ የሚያደርጉት ነው። ገና ከበር «አባን መና ኤሳ ታአ?» ይላሉ፤ አባወራው የት ነው የሚቀመጠው ማለታቸው ነው። ሲያሳዩአቸው ሄደው እዚያው ወንበር ላይ ቁጭ ይላሉ። እኛ ዘንድ የአባወራ ወንበር ላይ እንግዳ ዘው ብሎ አይቀመጥም። እሳቸው ግን «የሚሰማው እሱ ነው። ጆሮዬ የሱ ጆሮ ያለበት ቦታ ካልደረሰ ምኑን ሰማሁት?» ይላሉ። ሽማግሌ ስለሆኑ ማንም አይከፋባቸውም። እኔ ሴት ነኝ፣ ያውም ከሌላ አገር የመጣሁ። ሌላውን ሁሉ ከሳቸው ስወርስ ይህችን አንዷን መውረስ ከበደኝ።

በ2006 ዓ.ም. ገደማ ሆም ቴአትር የሚባለው ነገር ከተማውን ወረረው። አንድ አምፕሊፋየር፣ አምስት ትንንሽ ስፒከር፣ ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣ አንድ ሣጥን ነው። አምፕሊፋየሩ ሪሲቨርም ይባላል፤ እኛ ጋ ግን ሪሲቨር ሲሉት ሁሉም የዲሹ ስለሚመስለው አምፕሊፋየር እያልኩ ልቀጥል። ሠሪዎቹ ያሰቡት ሦስቱ ስፒከር ከፊት፣ ሁለቱ ከኋላ ሆነው ሰውን እንዲከቡት ነው። እኛ ቤት አምስቱም ቡፌ ላይ ተሰልፈው ዳንቴል ይለብሳሉ። «ሁለቱን ከኋላ እናድርጋቸው» ስል የቤቱ እመቤት ትቆጣለች። «ከእንግዳ ጀርባ ገመድ? እንግዳ ማጅራት ላይ ጩኸት? ወግድልኝ!» ብላኛለች አንዷ።

ሁለተኛው ጣጣ ከኮምፒውተር ጋር ሲያገናኙት ይመጣል። ፊልሙ በሃርድ ዲስክ ከሰው ሰው ይዞራል። ሰዉ ኮምፒውተሩ አረንጓዴ ቀዳዳ ላይ አንዲት ገመድ ይሰካና የገመዷን ቀይና ነጭ ጫፍ አምፕሊፋየሩ ውስጥ ያስገባል። በዚያች ገመድ የሚያልፈው የግራና የቀኝ ድምፅ ብቻ ነው። አምፕሊፋየሩ ሁለቱን ተቀብሎ ለአምስት ያዳርሳል፤ ሁለት እንጀራ ለአምስት ሰው ቆራርሶ እንደማቅረብ ነው። አምስቱም ስለሚጮሁ ባለቤቱ ይፈነድቃል። እኔም እሱ ደስ ካለው ብዬ ስንቱን ቤት እንደዚያው ትቼ ወጥቻለሁ።

ጡረታ ወጥቼ የራሴን ሱቅ ከከፈትኩ በኋላ ነው ሲስተር ጫልቱ የመጣችው። ጉደር የምትሠራ ነርስ ናት፤ ፊቷ ላይ እንቅልፍ ያጣ ሰው ድካም ነበረባት። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳንጨርስ «አዴ አስቴር፣ ባለቤቴ ዓይኑ ጠፋ» አለችኝ።

ባሏ መምህር ገመቹ ጉደር ውስጥ ታሪክ ያስተምራል። ግላኮማ ነው፤ ቀስ እያለ ከዳር ዳር ሲበላው ከርሞ በመጨረሻ መሐሉንም ወሰደበት። ሕክምናውን አዲስ አበባ ድረስ ተመላልሰው ሞክረዋል። አሁን ትምህርት ቤቱ ሊያሰናብተው ባይፈልግም ክፍሉ እየተረበሸ አስቸግሯል። ተማሪ ያወራል፣ ማን እንዳወራ አያውቅም፤ ተማሪ ይመልሳል፣ የቱ ጋ እንዳለ አያውቅም። ርዕሰ መምህሩ በሴሚስተሩ መጨረሻ ክፍሉ ገብቶ ሊያይ፣ ሥርዓት ካለ ሊያስቀጥለው፣ ከሌለ ግን የመጻሕፍት ስቶር ጠባቂ ሊያደርገው ከሱ ጋር ተነጋግሯል።

«ስቶር ከገባ ይሞትብኛል» አለች ሲስተር ጫልቱ። «እርስዎን የፈለግሁት እሱ የሆነ ነገር አስቦ ነው። እኔ አልገባኝም፤ መጥተው እሱ ራሱ ይንገርዎት።»

በማግሥቱ ሄድኩ። መምህር ገመቹ ሳሎኑ ውስጥ ባለ ክንድ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ገና ጎልማሳ ነው፣ ሸሚዙ ተተኩሶ ጫማው ተወልውሏል። ቡፌው ላይ ወንድሙ ከአዳማ ያመጣለት ሆም ቴአትር እንደ ወጉ ዳንቴሉን ለብሶ ተሰልፏል። ጎኑ አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር አለ።

«አዴ አስቴር፣ እኔ ሰሌዳ ላይ መጻፍ ቀርቶብኛል» አለኝ። «ተማሪ ነው የሚጽፍልኝ። ሰሌዳ ላይ ካልጻፍኩ ደግሞ ፊት ለፊት መቆሜ ምን ያደርጋል? ክፍሉ መሐል ልቆም ነው። ልጆቹ ከፊቴም ከኋላዬም ይሆናሉ። ጆሮዬ ግን እንደዚያ አልለመደም፤ ማስለመድ አለብኝ። ክፍል ውስጥ ልለማመድ ብል ይስቁብኛል። ታዲያ የልጆቹን ድምፅ እዚህ ቤቴ አምጥተው አምስቱ ስፒከር ላይ ቢያስቀምጡልኝስ? አንዱ ከግራ፣ አንዱ ከኋላ... ጫልቱ እያጫወተችኝ በእጄ እጠቁማለሁ።»

ስንት ዓመት ስፒከር ስተክል የፊልም ተኩስ ከኋላ እንዲሰማ እንጂ ሰው እንጀራው ላይ እንዲቆይ ተክዬ አላውቅም። «ይቻላል፤ እንሠራዋለን» አልኩት። እንዴት እንደሚሆን ገና በደንብ አላሰብኩትም፣ ግን ብያለሁ።

ርዕሰ መምህሩን አስፈቅጄ ማይክሮፎኔን ይዤ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። አምስት ተማሪዎች በፈቃዳቸው መጡ። ከመጽሐፍ አነበቡልኝ፣ «ቲቸር፣ እኔ ልመልስ» አሉልኝ፣ አንሾካሾኩልኝ፣ ሳቁልኝ። ከመሐላቸው ቦንቱ የምትባል ድምፀ ቀጭን ልጅ ነበረች፤ የሷን ለኋላ ቀኝ ስፒከር መደብኩ። እያንዳንዱን ድምፅ በየራሱ መስመር አድርጌ ኮምፒውተሩ ውስጥ አዘጋጀሁ።

ዳንቴሉን አንስተን ሁለቱን ስፒከር ከወንበሩ ኋላ ግራና ቀኝ ግድግዳው ላይ ሰቀልን። ሲስተር ጫልቱ ነውር ነው አላለችም። ከኮምፒውተሩ ወደ አምፕሊፋየሩ ድምፁን የሚያሻግረውን ገመድ ስመርጥ የመምህሩን እግር አሰብኩ። ገመድ ቢበዛ ይጠልፈዋል። ስለዚህ በብርሃን የምትሠራዋን አንዲት ቀጭን ገመድ ወሰድኩ፤ ጫፏ ላይ ቀይ ብርሃን የምታበራዋን። ስከፍተው አምፕሊፋየሩ ፊት ላይ አምስቱም የስፒከር ምልክቶች በሩ። አምስቱም ድምፅ አወጡ። እኔ ቡፌው ጎን ቆሜ መብራቱን እያየሁ «እንዴት ነው መምህር?» አልኩት።

«ባዬ ጋሪ! በጣም ጥሩ ነው፣ ገላቶማ፣ አመሰግናለሁ» አለኝ ከወንበሩ ላይ።

ምሳ በልቼ፣ ተመርቄ፣ ደስ ብሎኝ ወደ አምቦ ተመለስኩ። እነሱም ልምምዱን ያዙ። ሲስተር ጫልቱ ከሥራ ስትመለስ ኮምፒውተሩ ጋ ትቀመጣለች፣ የአንዱን ተማሪ ድምፅ ትከፍታለች፣ እሱ በእጁ ይጠቁማል፣ ሲሳሳት ታርመዋለች። እንዴት እየሆነ ነው ብዬ ስደውል «እየተለማመደ ነው» ትለኛለች።

ከዚያ አንድ ቀን እያለቀሰች ደወለች። መምህር ገመቹ ክፍሉ መሐል ቆሞ ማስተማር ጀምሮ ነበር። ከፊት ቀኝ በኩል አንድ ልጅ አንሾካሾከ። መምህሩ ዞሮ ከኋላ ቀኝ የተቀመጠችውን ቦንቱን «አንቺ፣ ውጪ!» አላት። ልጅቷ አፏን አልከፈተችም ነበር። አለቀሰች፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሱ ዴስክ ላይ ተቀምጦ ደወል ጠበቀ። ቤቱ ሲገባ ለሚስቱ «ጆሮዬም ከዓይኔ ጋር ሄዷል። ለርዕሰ መምህሩ ስቶሩን እገባለሁ በይልኝ» አላት።

ስልኩን ዘግቼ ሱቄን ቆለፍኩና ጉደር ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ የማስበው ያችን ልጅና እሱን ነው። ስደርስ እዚያው ወንበሩ ላይ ነው፤ ሸሚዙ ግን አልተተኮሰም።

«ዕቃዎ ጥሩ ነው፣ አዴ አስቴር። ችግሩ እኔ ነኝ» አለኝ።

«ምን ዓይነት ችግር?»

«ከኋላ ሰምቼ አላውቅም። የቦንቱ ድምፅ ሲመጣ ከፊት ቀኝ ይመስለኛል። ጫልቱ ኋላ ነው ትለኛለች፣ እኔ እንግዲህ ይሄ ኋላ ነው ብዬ ያዝኩት።»

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«እንዴት ብዬ? ትምህርት ቤት ድረስ ሄደው፣ ግድግዳ በስተው፣ ያን ያህል ለፍተው... ጥሩ አይደለም ብል ነውር አይሆንም? ደግሞ ጆሮዬ ነው ብዬ ነው።»

ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል የሚሉት እውነት ነው። እሱ በይሉኝታ አልነገረኝም፤ እኔም በይሉኝታ ወንበሩ ላይ አልተቀመጥኩም። ልክ ያን ጊዜ ኦቦ ቶሎሳ ትዝ አሉኝ፤ አፈሩን ያቅልላቸውና ቢኖሩ ኖሮ በእርሳሱ አናቴን ነበር የሚሉኝ።

«መምህር፣ ከወንበርዎ ይነሱልኝ። እኔ ልቀመጥበት» አልኩት።

ሲስተር ጫልቱ ደነገጠች። እሱ ግን ሳይከፋው ተነሣ፤ እጄን በእጁ ፈልጎ ያዘና አስቀመጠኝ። ዓይኔን ጨፈንኩ። «ቦንቱን ክፈቺልኝ» አልኳት። ቦንቱ «ቲቸር፣ እኔ ልመልስ» አለች፤ ከኋላዬ ሳይሆን ከፊቴ፣ ከቡፌው ቀኝ ጫፍ። ከኋላዬ የመጣው ጭላጭ ማሚቶ ብቻ ነው። ደግማ እንድትከፍት አደረግሁ። ያው ነው።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ያቺ የብርሃን ገመድ ከኮምፒውተሩ የምታሻግረው ግራና ቀኝን ብቻ ነው። የአምስቱን ተማሪዎች ድምፅ ኮምፒውተሩ ወደ ሁለት ጨፍልቆ ልኮታል፤ አምፕሊፋየሩም የተለመደውን የእንጀራ ቁረሳ ሠርቶ አምስቱንም መብራት አብርቷል። መብራቱ የሚናገረው ስፒከሮቹ እየሠሩ መሆናቸውን እንጂ ምን እንደገባላቸው አይደለም። እኔ በዓይኔ መብራት አየሁ። ማየት የማይችለው ሰው በጆሮው ልክ እንዳልሆነ ሰምቶ ነበር። ሳምንታት ሙሉ ያ መሣሪያ የፊቱን ድምፅ ኋላ ነው እያለ አስተማረው።

ተናደድኩ፤ በራሴም በገመዷም። ግን ከንዴቱ ሥር ሌላ ነገር ነበር፣ ደስታ።

«መምህር ገመቹ፣ ጆሮዎ ደህና ነው» አልኩት። «ፊት ነው ያሉት ፊት ነበር። ከፊት ሲመጣ ከፊት ሰሙ። የተሳሳተው መሣሪያው ነው።»

«ዱጉማ?» አለ። «እውነትዎን ነው?»

«እውነቴን ነው።»

ሲስተር ጫልቱ ግድግዳውን ተደግፋ «እኔም ትክክለኛውን እያረምኩ ነበራ!» ብላ ፊቷን ሸፈነች። እሱ ሳቀ። ያን ዕለት የሳቀው እሱ ብቻ ነበር።

መድኃኒቱን አውቀዋለሁ። አምፕሊፋየሩ ከኋላው ስድስት ቀዳዳዎች ነበሩት፤ ለአምስቱ ስፒከርና ለወፍራሙ ሣጥን የየራሱ መግቢያ። ከኮምፒውተሩ ሦስት ገመድ ይወጣል፣ እያንዳንዱ ቀይና ነጭ ጫፍ አለው፣ ስድስት ይሆናል። ችግሩ አሮጌው ኮምፒውተር ከኋላው ለድምፅ ካለው ሦስት ቀዳዳ ማውጫው አንዱ ብቻ መሆኑ ነው፤ ሁለቱ ለማይክሮፎንና ለሌላ ማስገቢያ የተሠሩ ናቸው። ሁለቱም ወደ ማውጫነት የሚቀየሩት ድራይቨር የሚባለው ትንሽ ፕሮግራም፣ ያውም የሠሪው ትክክለኛው፣ ሲጫን ነው። እኛ የነበረን ሁሉን አወቅ የሆነው ድራይቨር ከሁለት ስፒከር ሌላ አያውቅም።

ድራይቨሩ የሚገኘው ኢንተርኔት ላይ ነው። ያን ሰሞን ደግሞ በአካባቢያችን ኢንተርኔት ተዘግቶ ነበር። መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም፤ ሴሚስተሩ ግን አይጠብቅም። የኮምፒውተሩን ሆድ ከፍቼ የቦርዱን ቁጥር እጄ ላይ ጻፍኩና በማለዳ ሚኒባስ አዲስ አበባ ገባሁ። አንድ ኢንተርኔት ቤት ድራይቨሩን ፍላሽ ላይ ጫንኩና በዚያው ቀን ተመለስኩ። ጉደር ፍላሹን ስከፍተው ፋይሉ የለም፤ በቦታው ቫይረስ የፈለፈላቸው ባዶ አቋራጮች ተኮልኩለዋል። የኢንተርኔት ቤቱ ኮምፒውተር በሽተኛ ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

«ይተዉት ግድ የለም፣ ደክመዋል» አለኝ መምህሩ።

«መምህር፣ እርስዎ ይሉኝታዎን ይተዉ፣ እኔ መንገዱን አልተውም» አልኩት።

ደግሜ ሄድኩ። አሁን ግን በሲዲ አስገለበጥኩት፤ ሲዲ አንዴ ከተጻፈ ቫይረስ አይገባበትም። እዚያው ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍቼ አይቼ ነው የወጣሁት። ስመለስ ጊንጪ ላይ ሚኒባሱ ጎማ ፈንድቶበት እህል የጫነ አይሱዙ ለምኜ ተሳፈርኩ። ቦርሳዬን እቅፌ ውስጥ አድርጌ፣ ልብሴ የስንዴ አቧራ ጠጥቶ ደረስኩ።

ድራይቨሩ ሲጫን አምስቱ ስፒከር ወንበር ከበው የሚያሳይ ሥዕል ስክሪኑ ላይ መጣ። እልል ማለት አምሮኝ ነበር፣ ገና ነው ብዬ ዋጥኩት። ገመዶቹን በኦቦ ቶሎሳ ሥርዓት አንድ በአንድ አገባሁ፤ አንዱን ሰክቼ ሳልሰማ ሌላውን አልነካም። በባትሪ ድንጋይ እያንዳንዱን ስፒከር ፈተንኩ። የኋላ ግራው ወረቀት ወደ ውስጥ ሰመጠ፤ ገመዱ ተገልብጦ ኖሯል። አስተካክዬ በሲስተር ጫልቱ የጥፍር ቀለም ነጥብ አደረግሁበት። ገመዶቹን በግድግዳው ጥግ በምስማር እየያዝኩ አሳለፍኳቸው፤ ወለሉ ላይ አንዲት እንኳ አልተረፈችም። በየመሐሉ እየተነሣሁ ወንበሩ ላይ እቀመጣለሁ፣ ዓይኔን እጨፍናለሁ፣ እሰማለሁ፣ እነሣለሁ። አሁን ማንም አልደነገጠም።

በመጨረሻ መምህሩን አስቀመጥኩት። ሲስተር ጫልቱ ቦንቱን ከፈተችለት።

ትከሻው ብድግ አለ። ፊቱን ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ አዞረና «መጣች!» አለ። «ቦንቱ ከኋላዬ ናት! ጫልቱ፣ ከኋላዬ ናት!» እጁ በትክክል ስፒከሩን ይጠቁማል። ሲስተር ጫልቱ ወደኔ መጥታ አንገቴን አቀፈችኝ። እኔም አለቀስኩ፤ ምን እደብቃለሁ።

የተማረውን ማስረሳት ከማስተማር ይበልጥ ከባድ ሆነ። የለመደው ስህተት እየመጣ ያምታታው ነበር። እሱ ግን እልኸኛ ነው። ቁርስ ሳይበላ ይለማመዳል፣ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ይለማመዳል። እኔም በየሳምንቱ እየሄድኩ የልጆቹን ድምፅ ቦታ እቀያይርበታለሁ፤ አንዱን ከፊት ወደ ኋላ፣ ሁለቱን ባንድ ጊዜ፣ አንዱን ሲስቅ ሌላውን ሲያነብ። «አዴ አስቴር፣ እርስዎ ከተማሪዎቼ ይብሳሉ» ይለኛል። ቦንቱን ደግሞ ክፍሉ ሁሉ እየሰማ ይቅርታ ጠየቃት። ልጅቷ «ምንም አይደል፣ ባርሲሳ» አለችው አሉ፤ መምህር ማለቷ ነው።

የርዕሰ መምህሩ ቀን ደረሰ። ሲስተር ጫልቱና እኔ ከክፍሉ ውጪ መስኮቱ ሥር ቆምን። እሷ ትጸልያለች፤ እኔ ጥፍሬን እበላለሁ። ርዕሰ መምህሩ ገብቶ ጥግ ላይ ተቀመጠ። መምህር ገመቹ ክፍሉ መሐል ሁለት እግሩን ከፈት አድርጎ ቆሟል። አንዲት ተማሪ ሰሌዳ ላይ ትጽፋለች። ጥያቄ ጠየቀ፤ ከግራ ኋላ አንድ ልጅ መለሰ። መምህሩ ወደ ልጁ ዞሮ «ጎበዝ፣ ግን ምክንያቱን ጨምርበት» አለው። ከፊት አንሾካሾኩ። ሳይዞር እጁን ብቻ ዘረጋና «እዚያ ፊት ቀኝ ያላችሁት፣ ለሁላችንም ንገሩን» አላቸው፤ ዝም አሉ።

አንዴ ተሳሳተ። ከጎኑ የመለሰውን ልጅ ከኋላው ፈለገው። ልጁ «ቲቸር፣ እዚህ ነኝ» አለ። መምህሩ ወደሱ ዞረና «ዓይናችሁ የሚያይ እንኳ ስንቴ ትሳሳታላችሁ፣ እኔ አንዴ ብሳሳት!» አለ። ክፍሉ ሳቀ፤ አብሯቸው ሳቀ፤ ትምህርቱም ቀጠለ።

ሲያልቅ ሁለቱ አብረው ወጡ። ርዕሰ መምህሩ ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም። በሩ ላይ ቆመና «መምህር ገመቹ፣ እንግዲህ አንድ የታሪክ መምህር ስለተዛወረብን የሚቀጥለውን ሴሚስተር ሁለት ክፍል እጨምርብሃለሁ» አለው።

«ሁለት?» አለ መምህር ገመቹ። «ሁለት ክፍል? አሁን ያለኝስ? ይሄማ ግፍ ነው! የፈተና እርማቱን ማን ሊሠራልኝ ነው? ደግሞ የከሰዓቱን ፈረቃ እንዳትሰጠኝ፣ ፀሐይዋ ክፍሉን ምጣድ ታደርገዋለች...»

ርዕሰ መምህሩ ትከሻውን መታ አድርጎት ሄደ። ሲስተር ጫልቱ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ በሳቅና በለቅሶ መሐል ቀረች። እሱ ክንዷን ይዞ እስከ ቤቱ ድረስ ሲነጫነጭ ሄደ፤ ስለ ክፍለ ጊዜ ብዛት፣ ስለ ተማሪው መጨናነቅ፣ ስለ ጠመኔ አቧራ። እኔ ከኋላቸው እየሄድኩ እሰማው ነበር። ዕድሜ ልኬን ድምፅ ስሰማ ኖሬያለሁ፤ እንደዚያ ንጭንጭ ደስ ያለኝ ግን የለም።